ስለ ግቢ የጋዝ ምድጃ፤ ዕቃው ከመታዘዙ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው

«ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ብሂል ብዙ ጊዜ ለጠብና ለክርክር ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ እሳትን ራሱን ሸቀጥ አድርጎ ለመነገድ ለሚያስብ ሰው ከማንም ይልቅ የሚስማማ ምክር ነው። በሆቴልና በመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ በጋዝ የሚነድ የደጅ ምድጃ ማሠራት በብዙ አገር የተለመደ ሆኗል። የዚህ ዐይነቱ ዕቃ ሥዕል በየእጅ ስልኩ ስለሚታይ፣ ሐሳቡ በወላይታ ሶዶ ቤት በሚያሠሩና እንግዳ በሚያስተናግዱ ሰዎች ልብ ውስጥ ቢገባ የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ አስመጪው ከማዘዙ፣ ባለሱቁ ከመደርደሩ፣ ባለሆቴሉም ግቢውን ከማስቆፈሩ በፊት ነገሩ በሚገባ ሊመረመር ይገባዋል።

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሻሸመኔና ወደ ዳውሮ የሚወስዱት መንገዶች ስለሚገናኙባት የመንገደኛ ማደሪያ ሆና ኖራለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ ከተማ ስለሆነች የባለጉዳይ መመላለሻ ናት። ማታ ማታ አየሩ ይቀዘቅዛል። ቁርጡን በዳጣ በልቶ በግቢው ጎጆ ሥር የተቀመጠ እንግዳ ትንሽ እሳት ቢነድለት ደስ እንደሚለው የታወቀ ነው። በመስቀል ደመራ፣ በግፋታም ሰሞን ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሲጫወት፣ የእሳት ዙሪያ የወግ ቦታ መሆኑን ማንም ያውቃል። እንግዲህ ፍላጎቱ ከባዕድ አገር የተቀዳ ነው ተብሎ የሚነቀፍ አይደለም። ጥያቄው የሚነደው ምን ይሁን፣ በምንስ ልክ ይንደድ የሚለው ነው።

እንጨት ይንደድ የሚሉ አሉ። አባባላቸው ቀላል ነው፤ እንጨት ከገበያ ይገኛል፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፣ ሽታውም የለመዱት ነው። ነገር ግን የወላይታ ገበሬና ነጋዴ ዛፍ ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ከሌላው ይልቅ ያውቃሉ። ከሶዶ በስተደቡብ ባለችው በሁምቦ ወረዳ ተራሮቹ ለማገዶና ለከሰል ተራቁተው፣ አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ነበር። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ፣ ወርልድ ቪዥንም እየረዳው፣ 2728 ሄክታር ያህል መሬት ከልሎ ጉቶው እንደ ገና እንዲያቆጠቁጥ አደረገ። ይህ ሥራ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዐት ተመዝግቦ፣ ደኑ ስለሚይዘው ካርቦን ገንዘብ የሚከፈልበት ሆነ። በዚህ ዐይነት በአንድ በኩል ጉቶ እየተንከባከቡ፣ በሌላ በኩል ለእንግዳ መዝናኛ ሲባል በየሌሊቱ ሸክም ሙሉ እንጨት ማንደድ የሚጣጣም ሥራ አይመስልም።

ከሰልም ቢሆን የተሻለ አይደለም። ከሰል ከእንጨት የሚሠራ ከመሆኑ በላይ፣ ሲነድ ሽታና መልክ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። እንግዳው ብርድ ሲጸናበት ማንደጃውን ከግቢ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በሩን ዘግቶ ቢተኛ ነፍሱን ሊያጣ ይችላል። ባለሆቴል ሁሉ ይህን ለአስተናጋጆቹ ደጋግሞ ማስጠንቀቅ ይገባዋል።

የቀረው ቡታ ጋዝ ነው። ቡታ ጋዝ ጭስ አያበዛም፣ አመድ አይተውም፣ ቁልፉን ሲያዞሩት ይነዳል፣ መልሰው ሲያዞሩት ይጠፋል። እነዚህ ጥቅሞች እውነተኞች ናቸው። ይሁን እንጂ የጋዙን ጠባይ ሳያውቁ ጥቅሙን ብቻ መቍጠር ሒሳቡን በአንድ በኩል ብቻ እንደ መጻፍ ነው።

የመጀመሪያው ጠባዩ ክብደቱ ነው። ቡታ ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ድብልቅ ሲሆን፣ ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቡቴን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ሾልኮ ሲወጣ ወደ ሰማይ አይበንም፤ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ በጉድጓድ፣ በቦይና በምድር ቤት ይተኛል። ሁለተኛው ጠባዩ መስፋፋቱ ነው። በሲሊንደር ውስጥ ታምቆ ፈሳሽ የሆነው አንድ ሊትር፣ ሲወጣ 250 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል። በአየር ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ሲቀላቀል በአንድ ብልጭታ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። መጥፎ ሽታ የተጨመረበትም መሹለኩ እንዲታወቅ ነውና፣ ሽታውን ለምዶ ችላ የሚል ሠራተኛ ከሁሉ የከፋ ሠራተኛ ነው።

ሦስተኛው ጠባዩ ነጋዴን በይበልጥ የሚመለከተው ነው፤ ይኸውም እስከ ዛሬ ከውጭ አገር በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ መሆኑ ነው። የዐሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራውን ካቆመበት ከ1989 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ኢትዮጵያ ነዳጅዋን ተጣርቶ ታስገባለች። እርግጥ ነው፣ በ1960ዎቹ ዓመታት በኦጋዴን በካሉብ የተገኘው ጋዝ ከረጅም ዘመን ጥበቃ በኋላ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ምዕራፍ ሥራው ተመርቋል። ነገር ግን ከዚያ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ሜቴን የሚባለው ነው። ሜቴን ከአየር የቀለለ፣ ፈሳሽ እንዲሆንም እጅግ ከባድ ቅዝቃዜ የሚፈልግ ስለሆነ፣ በተራው የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ተሞልቶ የሚሸጥ አይደለም። ለአንዱ ጋዝ የተሠራ ማቃጠያም ቀዳዳው ሳይለወጥ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ «ጋዝ በአገር ውስጥ ተገኝቷልና ምድጃውን ከወዲሁ እናምጣ» የሚል አስመጪ ቢኖር፣ ሁለቱን ጋዞች ለይቶ ቢጠይቅ ከኪሣራ ይድናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በውጭ አገር ለግቢ ጌጥ ከሚሠሩት ምድጃዎች መካከል 15 ኪሎዋት ኀይል ያለው መካከለኛ የሚባል ነው። አንድ ኪሎ ቡታ ጋዝ 13 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ስለሚሰጥ፣ ይህ ምድጃ በየሰዓቱ ከአንድ ኪሎ በላይ ይበላል። 12.5 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር አሥራ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። በየሌሊቱ ሦስት ሰዓት ቢነድ፣ ሲሊንደሩ በአራተኛው ሌሊት ባዶ ይሆናል፤ በወር ከስምንት ሲሊንደር በላይ ያልቃል ማለት ነው። በአንጻሩ ግን ባለ 2 ኪሎዋት የወጥ ማብሰያ በቀን ሁለት ሰዓት ቢነድ፣ ያው አንድ ሲሊንደር አንድን ቤተሰብ 40 ቀን ያህል ያገለግላል። እንግዲህ አንድ የጌጥ ምድጃ በአንድ ወር የሚፈጀው ለአሥራ አንድ ቤተሰብ የወር ማብሰያ የሚበቃ ነው።

ይህ ቍጥር ነገሩን ሁሉ በሌላ ዐይን እንዲታይ ያደርገዋል። ሲሊንደር በገበያ በሚጠፋበት ሰሞን፣ ባለሱቁ የመጨረሻዎቹን ሲሊንደሮች ለትልቁ ደንበኛው ለሆቴሉ ሸጦ፣ ወጥ ልትሠራ የመጣችውን እመቤት ባዶ እጅዋን ቢመልሳት፣ ሕግ ባይከሰውም ገበያው ይታዘበዋል። እርስዋም በማግሥቱ ወደ ከሰል ትመለሳለች፤ ከሰሉም ከዚያው ከዛፉ ይመጣል። በዚህ ዐይነት ደኑን ለማዳን ተብሎ የገባው ጋዝ፣ ልኩን ካጣ ደኑን መልሶ ያስቈርጣል።

የሌላው ዓለም ልምድም ይህንኑ ያስተምራል። በፈረንሳይ አገር ቡና ቤቶች ደጃቸው ላይ ለተቀመጡ ደንበኞች የጋዝና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማብራት ለብዙ ዓመታት ልማድ ነበር። ሙቀቱ ወደ ሰማይ እየባከነ ነው በማለት መንግሥቱ ከመጋቢት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ልማዱን በሕግ ከልክሎታል። ጋዝ በየቤቱ በቧንቧ የሚደርስበት ባለጸጋ አገር እንኳ ደጅን ማሞቅ ብክነት ነው ካለ፣ ጋዙን በመቶ ኪሎ ሜትሮች ከሚቈጠር መንገድ በመኪና አስጭና የምታስመጣ ከተማ ይበልጥ ልትጠነቀቅ ይገባታል።

ታዲያ የጋዝ ምድጃ ፈጽሞ አይግባ ማለት ነውን? አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በ38 የዕቃ ዐይነቶች ላይ ተጥሎ የነበረው የውጭ ምንዛሪ ክልከላ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተነሥቷል። በር ሲከፈት ግን የሚገባውን መምረጥ የነጋዴው ፈንታ ይሆናል። 6 ኪሎዋት ኀይል ያለው ትንሽ ምድጃ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ ለሁለት ሁለት ሰዓት ቢነድ፣ በወር አንድ ሲሊንደር አይጨርስም። ለቅዳሜና ለእሑድ ማታ፣ ለሠርግና ለበዓል እንግዳ ይህ ይበቃል። በሌላው ሌሊት ብርሃን ብቻ የሚፈልግ ሰው መብራት ያብራ፤ 1870 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስተኛ በኦሞ ወንዝ ላይ የተገደበው በወላይታና በዳውሮ መካከል ነው። እንግዲህ ሊደገፍ የሚገባው ሐሳብ ትንሹን ምድጃ፣ በልኩና በዕቅድ ማሠራት ነው።

ዕቅድ ሲባል የሚከተሉት ነገሮች በወረቀት ላይ ሰፍረው ከገንዘቡ በፊት ሊታዩ ይገባል።

አንደኛ፣ ቦታው። ምድጃው ከቤት ግድግዳ፣ ከአጥርና ከዛፍ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ በላዩም ጣሪያ፣ ድንኳንም ሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይኑር። በወላይታ የሆቴል ግቢ ጎጆው በሣር የተከደነ በመሆኑ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የደረቀ ሣር አንድ ብልጭታ ይበቃዋልና ከሣር ክዳን እጅግ አርቆ መትከል ያስፈልጋል። የነፋሱንም አቅጣጫ ጥቂት ማታዎች ተቀምጦ ማየት ወጪ የሌለው ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ መተንፈሻው። ጋዙ ከባድ ስለሆነ ምድጃውን በጉድጓድ ውስጥ መትከል አደገኛ ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ይገንባ፤ በግራና በቀኙ ከታች በኩል መተንፈሻ ይተውለት። የክረምቱ ዝናብ የሚወርድበት ቀዳዳም ይኑረው። በማይነድበት ጊዜ መክደኛ ያስፈልገዋል፤ ሸረሪት በማቃጠያው ቱቦ ውስጥ ድሯን ብታደራ ነበልባሉ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሲሊንደሩ። ሲሊንደር ሁልጊዜ ቆሞ፣ ጥላ ባለውና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቀመጥ እንጂ በምድር ቤት፣ በመኝታ ቤትም ሆነ በደረጃ ሥር አይቀመጥ። ከአንድ ትንሽ ሲሊንደር ብዙ ጋዝ በፍጥነት ሲሳብ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ በላዩ በረዶ ይይዛል፣ ነበልባሉም ይደክማል። ይህን አይቶ ሲሊንደሩን በእሳት አጠገብ የሚያሞቅ ሰው ቢኖር ሞቱን የሚጠራ ነው። መፍትሔው ምድጃውን ማሳነስ ወይም ሁለት ሲሊንደር በባለሙያ ማገናኘት ነው።

አራተኛ፣ መዝጊያው። ከምድጃው ራቅ ብሎ እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ዋና መዝጊያ ይኑር፤ አስተናጋጁም ዘበኛውም ይወቁት። ከዚህም በላይ ነፋስ እሳቱን ሲያጠፋው ጋዙን በራሱ የሚዘጋ መሣሪያ ያለው ምድጃ ብቻ ይገዛ። ይህ መሣሪያ የሌለው ምድጃ በዋጋ ይረክስ ይሆናል፤ ነገር ግን እሳቱ ጠፍቶ ጋዙ ሲፈስ ያደረ ግቢ በማለዳ ሲጃራ የሚለኩስ አንድ ሰው ብቻ ይበቃዋል። ጎማውም ለጋዝ የተሠራ ይሁን፤ የውሃ ጎማ ጋዙ ያበላሸዋል። መሹለኩ የሚፈተነው በሳሙና አረፋ እንጂ በፍጹም በክብሪት አይደለም።

አምስተኛ፣ ድንጋዩ። ማቃጠያውን ለማስዋብ ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ የሚደረድር ሰው አለ። የወንዝ ድንጋይ በውስጡ ውሃ ስለሚይዝ ሲግል ሊፈነዳና ሰው ሊያቈስል ይችላል። የሚሻለው በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚገኘው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በደንብ ደርቆ ነው፤ ይህን ከውጭ ማስመጣትም አያስፈልግም። በጌጥ ምድጃ ላይ ሥጋ መጥበስም አይገባም። ቢጫው ነበልባል ያምራል እንጂ ጋዙን አሟልቶ ስለማያቃጥል ጥላሸት ያሳርፋል፤ ጥብስ ሰማያዊ ነበልባል ባለው ማብሰያ ይሠራ።

ከእነዚህ ሌላ አስመጪውን ብቻ የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የከፍታው ነገር ነው። በ2000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ እጅ ያህል ያንሳል። ለባሕር ዳርቻ አገር የተሠራ ማቃጠያ በሶዶ ሲነድ የሚያስፈልገውን አየር ስለማያገኝ ጥላሸቱና መርዘኛው ጋዝ ይበዛል። ስለዚህ የትዕዛዙ ደብዳቤ «አንድ መቶ ምድጃ ይላክልን» በሚል ብቻ መጻፍ የለበትም። የጋዙ ዐይነት ቡታ ጋዝ መሆኑ፣ የሚሠራበት ግፊት ከአገሩ የጋዝ መቈጣጠሪያ ጋር መስማማቱ፣ ለ2000 ሜትር ከፍታ የሚሆን ቀዳዳ አብሮ መላኩ፣ መለዋወጫው ለስንት ዓመት እንደሚገኝ፣ መመሪያውም በአማርኛ ሊተረጐም እንደሚፈቀድ በደብዳቤው ላይ ተቈጥሮ ሊሰፍር ይገባል። በጽሕፈት ቤት ውስጥ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ደብዳቤ መጋዘን ሙሉ የማይሸጥ ዕቃ ከመታቀፍ ያድናል።

አንዳንድ ባለሱቅ «እኔ ዕቃውን እሸጣለሁ፤ ከበር ከወጣ በኋላ የገዢው ጉዳይ ነው» ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር ለጨርቅና ለሳህን ያስኬድ ይሆናል፤ ለእሳት ግን አያስኬድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2069ኛው ቍጥር፣ የሚፈነዳ ወይም መርዘኛ ነገር በማከማቸትም ሆነ በመጠቀም ሌላውን ሰው ለአደጋ ያጋለጠ ሰው፣ ያ አደጋ ደርሶ ጕዳት ባመጣ ጊዜ ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ሲሊንደር በሱቁ የሚደረድር ነጋዴ ይህን ቍጥር አንብቦ፣ ስለ መድን ውሉም ከመድን ሰጪው ጋር አስቀድሞ ቢነጋገር ይበጀዋል። ከሕጉም በላይ የከተማው ገበያ የሚተዋወቅ ገበያ ነው። በአንድ ግቢ የደረሰ ቃጠሎ የአንዱን ሻጭ ብቻ ሳይሆን የዕቃውን ስም ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ ጋዝ ለኩሽና የሚሸጡትም አብረው ይከስራሉ።

ስለዚህ ሻጩ ከምድጃው ጋር ዕቅዱን አብሮ ቢሸጥ መልካም ነው። ይህም ሲባል፣ ከሽያጩ በፊት ግቢውን የሚያይ ባለሙያ መላክ፣ ሲተከል በሳሙና መፈተን፣ ለአስተናጋጆቹ ግማሽ ሰዓት ትምህርት መስጠት፣ በስድስት ወር አንድ ጊዜም ተመልሶ ጎማውንና መዝጊያውን ማየት ማለት ነው። የዚህ ዋጋ በደረሰኙ ላይ ለብቻው ይጻፍ፤ ገዢው ምን እንደ ከፈለ ይወቅ። ሲሊንደር ባነሰ ጊዜም ለወጥ ማብሰያ የሚገዛ ቤተሰብ እንዲቀድም ባለሱቆች በመካከላቸው ቢስማሙ፣ ለሆቴሉ የሚቀርበት የአንድ ማታ ጌጥ ነው፤ ለቤተሰቡ ግን የዕለት ራት ነው።

እሳት የሰውን ልብ የሚሰበስብ ነገር ነው፤ የሶዶም እንግዳ በዙሪያው ቢሰበሰብ ማንም አይጠላም። ነገር ግን የቸኰለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፣ ሌላው ዕቃ ቢፈስ ይለቀማል፣ ጋዝ ከፈሰሰ ግን የሚለቅመው የለም። አስመጪው በደብዳቤው፣ ባለሱቁ በምክሩ፣ ባለሆቴሉም በልኩ ከተጠነቀቁ፣ ምድጃው ለግቢው ጌጥ፣ ለነጋዴውም የታመነ ገበያ ይሆናል። ይህን የማያደርግ ነጋዴ ግን ለጊዜው በመብራትና በቡና ጀበና እንግዳውን ቢያስተናግድ የተሻለ ነው።